የአባቷ ድምፅ ባትሪ

እትዬ ያሏት ገና ታናሽ ወንድሟ አፉን ሲፈታ ነው። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱም፣ ልብስ የምትሰፋላቸው ደንበኞቿም፣ ጥግ ላይ ያለው ባለሱቅም እትዬ እያሏት ዋናው ስሟ ተረሳ። አባቷ ብቻ ልጄ ይላታል።

አባቷ እንጀራውን የበላው በድምፁ ነበር። በአውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ከፍ ብላ በተሠራች የመስታወት ክፍል ተቀምጦ፣ በድምፅ ማጉያ የትኛው አውቶቡስ ወዴት እንደሚሄድ ይጠራል። ሲጠራ የተኛ ተሳፋሪ ይነሳል፣ የሚጨቃጨቅ ሾፌር ዝም ይላል። እናታቸው የሞተች ጊዜ ወንድሟ ጡት ያልጣለ ስለነበር አክስታቸው ወሰደችው፤ እትዬን ግን አባቷ ይዟት ሥራ ይገባ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ተደግፋ ትቀመጣለች። ድምፁ ከደረቱ ሲነሳ ገና ከአፉ ሳይወጣ በጀርባዋ ይሰማታል። ግቢ ሙሉ ሰው ያንን ድምፅ ይስማ እንጂ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። ይሄ ድምፅ የኔ ነው ብላ አደገች።

ጡረታ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጉሮሮው ታመመ። ሐኪሞቹ ነፍሱን ሲያተርፉለት ድምፁን ወሰዱት። አንገቱ ላይ በቀረችው ቀዳዳ ይተነፍሳል፤ ቀዳዳዋን እትዬ ከስስ ጨርቅ በምትሰፋለት ሻርፕ ይሸፍናታል። ለመናገር ደግሞ የፂም መላጫ መኪና የምታህል መሣሪያ ሰጡት። ከመንጋጋው ሥር ለጥፎ ቁልፏን ሲጫን ትነዝራለች፤ ከንፈሩና ምላሱ ያንን ንዝረት ቃል ያደርጉታል። የሚወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም፣ ብርጭቆ ውስጥ የገባ ንብ ነው የሚመስለው። አባትና ልጅም መሣሪያዋን ንቧ አሏት።

ንቧ በባትሪ ነው የምትሠራው። ሁለት ጠፍጣፋ ባትሪዎች አብረዋት መጡ፤ አንዱ ሲሠራ አንዱ ቻርጅ ይደረጋል። ይህን ሥራ እትዬ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ጠቅልላ ያዘችው። «አንተ ምን አስጨነቀህ፣ እኔ አለሁልህ» አለችው። ስልክ የሚጠግን አንድ ሰው፣ ባትሪ እስትንፋሱ እስኪወጣ ካልተሠራበት ይሰንፋል ብሎ ነግሯት ስለነበር፣ ንቧ ጭጭ እስክትል ድረስ ባትሪውን አትለውጥም። ጭጭ ካለች በኋላ ባትሪውን ፍሪጁ አናት ላይ ሶኬት ላይ ትሰካዋለች። አቧራ እንዳይገባበት በወፍራም ጨርቅ ትጠቀልለዋለች፤ ከማታ እስከ ማግስቱ እኩለ ቀን እዚያው ይውላል። ጢም ብሎ ይሙላ ነው ነገሩ። ስትነቅለው መዳፏን ያቃጥላታል። ትኩስ መሆኑን የጥንካሬ ምልክት አድርጋ ትደሰት ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን አባቷ ከጧት እስከ ማታ ሲያወራ ይውላል። ቆይቶ ከምሳ በኋላ ንቧ መንተባተብ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ቁርስ ሳይነሳ ጭጭ ትል ጀመር። አባቷም ቃላቱን መቆጠብ ለመደ። ሰላምታውን በእጁ፣ ምስጋናውን በዓይኑ አደረገው።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ እትዬን ይሄ ብዙ አላስከፋትም። ንቧ ዝም ስትል የአባቷን ከንፈር የሚያነብ ሰው በዚህ ዓለም ላይ ከሷ በቀር አልነበረም። ሐኪሙ ሲጠይቀው መልሱን የምትናገረው እሷ ናት። እንግዳ ሲመጣ ከአጠገቡ ወንበር ስባ ተቀምጣ «እንዲህ ነው የሚለው» ትላለች። አባቷ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ሰው ሁሉ እሷን ያያል።

አንድ የልብ ወዳጅ ነበረው፤ በመናኸሪያው ረጅም ዘመን የነዳ ሾፌር ነው። ገና ከመንገዱ ጫፍ በጥሩንባ እየተጣራ ስለሚመጣ ጥሩንባው ይሉታል። አንድ ቀን አባቷ እውነትም ደክሞት ስለነበር እትዬ «ደክሞኛል፣ ሌላ ቀን እንጫወት ነው የሚለው» አለችው። ሰውዬው ተሰናብቶ ሄደ፤ ቤቱም ጸጥ አለ፤ ጸጥታው ደስ አላት። በሌላ ጊዜ ሲመጣም አባቷ በማይሰማበት ደጅ ላይ ተቀብላ እንደዚያው አለችው። በሦስተኛው ወደ ውስጥ ገባ ብላ አባቷን አየት እንኳ አላደረገችም። ጥሩንባው ከዚያ ወዲያ ቀረ።

ወንድሟ ሚስቱን ይዞ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ሥራው ወደ ከተማው ስላዛወረው፣ ቤት እስኪያገኙ ድረስ የኋለኛው ክፍል ተሰጣቸው። ሚስቱ የመንገድ ቀያሽ ናት። ፀሐይ ያከሰላት፣ ረጅም፣ ቤት ውስጥ እንኳ ሜዳ ላይ እንዳለች ሁሉ ሰፋ ሰፋ አድርጋ የምትራመድ ሴት ናት። ባለሦስት እግር ማቆሚያዋንና የቅየሳ መሣሪያዋን የያዘ ቢጫ ሣጥን ከኮሪደሩ ጥግ አስቀመጠች። አባትየውን አባባ፣ እትዬን እትዬ አለች፤ ለሁለቱም እርስዎ ነው የምትለው።

በመጣች ማግስት ወጥ ቤት ገብታ ብርጭቆ ስትፈልግ እጇን ወደ ፍሪጁ አናት ሰደደች።

«እትዬ፣ ይሄ የተጠቀለለው ምንድን ነው? እሳት ሆኗል እኮ!»

«አትንኪው። የአባዬ ባትሪ ነው።»

«በጨርቅ የጠቀለሉት ለምንድን ነው?»

«አቧራ እንዳይገባው ነዋ።»

ቀያሿ ሳቋን ዋጠች። እትዬ ግን ሳቁ ሲዋጥ አየችው።

«አይቆጡኝና እትዬ፣ ባትሪ እንደ ሕፃን አይጠቀለልም። የሚገድለው ሙቀት ነው። ፍሪጁ ራሱ ከጀርባው ይሞቃል፣ ጨርቁ ደግሞ ሙቀቱን ያፍነዋል። ከሞላ በኋላም ተሰክቶ መዋል የለበትም።» ይህን እያለች ጨርቁን ፈታችው። የባትሪው ሆድ ተነፍቷል። «ውይ! ይሄኛው አልቆለታል። አደገኛም ነው፣ ከቤት መውጣት አለበት።»

«እስከ ዛሬ ያላንቺ ኖረናል» አለች እትዬ።

ቀያሿ ያበጠውን ባትሪ በቆርቆሮ ጣሳ አድርጋ ይዛ ወጣች።

በሚቀጥለው ሳምንት እትዬ ያለቀለት ልብስ አድርሳ ስትመለስ፣ አባቷና ቀያሿ ጠረጴዛ ከብበው አፍ ላፍ ገጥመው ሲያወሩ አገኘቻቸው። ቻርጀሩ ከፍሪጁ አናት ወርዶ፣ ፀሐይ ከማያገኘው ከአባቷ አልጋ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ ሰፍሯል። አባቷ መነጽሩን አድርጓል። መልሱን የሚያውቀው ፈተና እንደቀረበለት ተማሪ ፊቱ ሁሉ በርቷል።

«አዩ አባባ» ትላለች ቀያሿ፣ «ባትሪው ላይ አራት ትንንሽ መብራቶች አሉ። አንድ ብቻ ሲቀር ይሰኩት፤ እስኪሞት አይጠብቁ። ሦስቱ በርተው አራተኛው ማብለጭለጭ ሲጀምር ይንቀሉት። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ነው። ከንቧ ያወጡት ትኩስ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ።»

አባቷ ንቧን አንገቱ ላይ ለጠፈ። «የሞተውስ ይነሳል?»

«እሱ አይመለስም። የቀረው እንዳይሞት ነው የምንጠነቀቀው። እኔ ሜዳ ላይ ስንት ጊዜ ተቃጥያለሁ መሰለዎት! ገደል ወጥተን፣ መሣሪያውን ተክለን፣ ልክ ማንበብ ስጀምር ባትሪው ድርግም! ያን ሁሉ አቀበት እንደገና። ከዚያ ወዲህ ነው የተማርኩት።»

አባቷ ዞር ሲል እትዬን በር ላይ አያት። «ልጄ» አለ በንቧ ድምፅ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ንቧን የማበላት እኔ ነኝ።»

እትዬ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ፊቷ ግን አልታዘዝ አላት። ይህን ሁሉ ጊዜ በእጁ ላይ አንድ ሥራ እንኳ እንዳልተወችለት ልብ አላለችም ነበር። የታያት፣ በመደርደሪያው ላይ ያለው ቻርጀርና የምራቲቱ ረጃጅም ጣቶች ብቻ ነበሩ።

ቀያሿ ከሩቅ ያዘዘችው አዲስ ባትሪ ሲመጣ ቤቱ በድምፅ ተሞላ። አባቷ አሮጌውን ከጧት፣ አዲሱን ከሰዓት በኋላ እያደረገ፣ መሐል ላይ ትንሽ ትንሽ እየሰካ፣ ቀኑን ሙሉ ያወራ ጀመር። የሚያወራው ግን ከማን ጋር ነው? እትዬ ስፌት ላይ ናት። ቀያሿ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች፣ አባትየውም ወንበሩን አውጥቶ ከጎኗ ይሰየማል። የምትቀይሰው እሱ ዘመኑን ሙሉ ሲጠራው የኖረውን የሐይቅ ዳር መንገድ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ምን ማቆሚያ አለው?

እትዬ የስፌት መኪናዋን ታቆምና ጆሮዋን ጣል ታደርጋለች።

«ወፍጮ ቤቱን አልፈሽ ያለው ጠመዝማዛ» ይላል የንቧ ድምፅ፣ «ከበታቹ ምንጭ አለ። በክረምት አስፋልቱን ከሥር ይበላዋል። ሾፌሮቹ ነበሩ የሚነግሩኝ።»

«እርስዎ ይሙቱ አባባ! እኔ እኮ መሬቱ ለምን እንደሚሰምጥ ግራ ገብቶኝ ነው የሰነበትኩት!»

አባቷ በሳቅ ጊዜ ድምፅ የለውም፤ ጉልበቱን በመዳፉ ይመታል። ቷ ቷ ቷ የሚለው ምት እስከ ስፌት ክፍሉ ይሰማል። እትዬ ያን ድምፅ ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው?  ክር ቆረጠች፣ እንደገና አስገባች፣ እንደገና ቆረጠች።

እራት ላይ አላስቻላትም። «ምንጭ እንዳለ ለኔ ነግረኸኝ አታውቅም።»

«ጠይቀሽኝ አታውቂም» አለ አባቷ። ክፋት አልነበረበትም፤ ንቧ ሁሉንም ቃል በአንድ ዓይነት ቃና ነው የምታወጣው። እትዬ ግን እንደ ጥፊ ነው የቀመሰችው።

አንድ ቀን አባቷ ንቧን ኪሱ ከትቶ፣ ለማንም ሳይናገር ወጣ። ሲመለስ ጥሩንባውን አስከትሎ ነበር። እትዬ ሻይ አቀረበች።

«እኔማ» አለ ጥሩንባው፣ «በመጣሁ ቁጥር ደክሞኛል ስትል፣ ይሄ ሰው ጠልቶኛል ብዬ በሆዴ ይዤው ቀረሁ።»

«ማን ነው የደከመው?» አለ አባቷ። «እኔ? መቼ?»

 አባቷ ልጁን ቀና ብሎ አያት። እትዬ የሻይ ማንኪያዎቹን ማስተካከል ያዘች።

«አዎ፣ አንዳንዴ ይደክመኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን ሳይነቅልባት። ጥሩንባውም «በል ተወው» ብሎ ወሬውን ቀየረ። የመጣው በባዶው አልነበረም። መናኸሪያው ወደ አዲስ ቦታ ሊዛወር ነው። አሮጌው ግቢ ከመዘጋቱ በፊት የመጨረሻውን አውቶቡስ አባቷ እንዲጠራላቸው ሾፌሮቹ ተስማምተዋል።

«በዚህች ንብ?» አለ አባቷ።

«በዚህችው ንብ! መድረክ ሠርተን ማይክሮፎኑን እናስጠጋልሃለን።»

ሽማግሌው መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ቆየ። ዓይኑ እርጥብ ሆነ። እትዬ፣ አብሬህ መድረኩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ ልትል አፏን ስትከፍት ቀያሿ ቀደመቻት። «መለዋወጫውን ይዤ ከጎንዎ እኔ እቆማለሁ አባባ። ቢያልቅብዎት እዚያው እቀይርልዎታለሁ።»

«እሺ» አለ አባቷ። አንዲት ቃል ናት። እትዬ ያን ቀን ሙሉ ከዚያች ቃል ጋር ስትታገል ዋለች።

በዋዜማው ቀያሿ ሁለቱንም ባትሪዎች አራቱም መብራት እስኪበራ ሞላች። «ለነገ ለአንድ ቀን ነው» አለች። «የሚጎዳው ሞልቶ ሥራ ፈትቶ መዋሉ ነው እንጂ ሞልቶ ወዲያው ቢሠራ ምንም አይል።» አዲሱን ንቧ ውስጥ ከተተችው። አሮጌውን በወገቧ በምታስራት ትንሽ ቦርሳ አድርጋ ኮሪደር ላይ ሰቀለችው።

ጧት እትዬ የአባቷን ሸሚዝ ስትተኩስ ቤቱ ገና አልተንቀሳቀሰም። ንቧ ጠረጴዛው ላይ ናት። እትዬ እንደ ወትሮው በጨርቅ ጠራረገቻት። ከዚያ ክዳኗን ከፈተችና አዲሱን ባትሪ አወጣችው። ወደ ኮሪደሩ ሄዳ ከቀያሿ ቦርሳ አሮጌውን አውጥታ ንቧ ውስጥ አስገባች። አዲሱን በራሷ የእጅ ቦርሳ ከተተችው፤ የቀያሿን ቦርሳ ባዶውን ዘጋችው። አሮጌው መብራቱ አራቱም ይበራል፤ ጉልበት ግን እንደሌለው ታውቃለች። ጮክ ብለው ሲናገሩበት ወዲያው ይወድቃል።

ለራሷ የነገረችው ይህ ነው፤ ንቧ ስታቆም እኔ ከሕዝቡ መሐል ወጥቼ ጥሩውን ባትሪ አቀብለዋለሁ፤ ያኔ ማን እንደሚያስፈልገው ያያል። ክፋት የለበትም። አባዬ የሚጎዳው ነገር የለም። ይህን እያለች የሸሚዙን ኮሌታ ደጋግማ ተኮሰችው።

መናኸሪያው ጢም ብሎ ነበር። ሾፌሮቹ፣ የድሮ ቲኬት ቆራጮች፣ ሻንጣ ተሸካሚዎች፣ መስኮት ላይ የተንጠለጠሉ ተሳፋሪዎች። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። አባቷ ጥሩንባውንና ቀያሿን በግራና ቀኝ አድርጎ ከእንጨት በተሠራው መድረክ ላይ ቆመ። ወንድሟ ከፊት ሆኖ በስልኩ ፎቶ ያነሳል። እትዬ ከደረጃው ሥር ቦርሳዋን አቅፋ ቆማለች።

አባቷ ንቧን ለጠፈ። ማይክሮፎኑ ያን ነዛሪ ድምፅ ወስዶ በግቢው ላይ ዘረጋው።

«ሐይቅ ዳር! የሐይቅ ዳር ተሳፋሪዎች! ጡብ ፋብሪካ! የላይኛው...»

ንቧ ተንተባተበችና ጭጭ አለች። አባቷ በመዳፉ መታት፤ እንደገና ለጠፋት። ምንም የለም። ቀያሿ ፈጥና ቦርሳዋን ከፈተች። እጇን ከተተች፣ ፈተሸች፣ ገለበጠችው። ፊቷ አመድ ለበሰ።

እትዬ ደረጃውን መውጣት ጀምራለች። እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ባትሪውን ጨብጣዋለች። ማውጣት ብቻ ነው የቀራት። ግን ጥሩንባው አያት።

«እትዬ! ነይ ነይ! አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ምን እንደሚል ንገሪን!» ብሎ ማይክሮፎኑን ዘረጋላት።

ግቢው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እጇ ከቦርሳዋ ባዶውን ወጣና ማይክሮፎኑን ያዘ።

የአባቷን ከንፈር አየች። «የላይኛው ድልድይ!» ብላ ጠራች። ድምፅዋ ከግንቡ ተጋጭቶ ሲመለስ ለራሷም አስደነቃት፤ የድሮውን የአባቷን ድምፅ ይመስላል። ሰዉ አጨበጨበ። «ወፍጮ ቤት! አሮጌው ሆስፒታል!» ጭብጨባው በረታ።

ከዚያ የአባቷ ከንፈር ሌላ ነገር አለ።

«ባትሪው የት ነው?»

 ሰው ይጠብቃል።

«ልጄ፣ ባትሪዬ የት ነው?» አለ ከንፈሩ። ዓይኑ የሚያየው ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ የያዘችውን ቦርሳ ነበር።

«መጨረሻው ሐይቅ ዳር!» ብላ ጮኸች እትዬ። «መልካም መንገድ!»

አባቷ እንዲህ አላለም። አንገቱን ደፋ። አውቶቡሱ ጥሩንባ ነፋ፣ ሰዉ በእልልታ ተቀበለው፣ ጎማው ተንቀሳቀሰ። ሾፌሮቹ እየመጡ የእትዬን እጅ ይጨብጡ ጀመር። «የአባቷ ልጅ!» ይሏታል። የተመኘችው ሁሉ ይኸው እጇ ገባ፤ አፏ ግን እሬት እሬት አላት።

ቤት ሲገቡ ወንድሟ ገና በሩ ሳይዘጋ ሚስቱ ላይ ጮኸ።

«አንዲት ባትሪ! አንዲት ባትሪ መያዝ ያቅትሻል? ስታስተምሪማ ማን ይችልሻል! ይሄን አትሙሉ፣ ያንን ንቀሉ! አባቴን በሰው ፊት አዋረድሽው!»

ቀያሿ ግድግዳው ላይ ተደግፋለች። «ከትቼዋለሁ» ትላለች ዝግ ባለ ድምፅ። «በገዛ እጄ ነው የከተትኩት። ንቧ ውስጥም አዲሱን ነው ያደረግኩት። ደግሜ አይቼዋለሁ... አይቼዋለሁ መሰለኝ።»

ያቺ «መሰለኝ» እትዬን ወጋቻት። ይህች ሜዳና ገደል የማይበግራት ሴት የገዛ እጇን መጠራጠር ጀመረች። አባቷ ወንበሩ ላይ ሆኖ ማንንም አያይም። እትዬ ዝም ብትል ነገሩ እንደዚሁ ያልፋል። ጠብ ይሆናል፣ ምናልባት ቶሎ ቤት ተከራይተው ይወጣሉ፣ ቻርጀሩም ወደ ፍሪጁ ይመለሳል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታያት፤ ለቅጽበት ያህል ደስም አላት። ወዲያው በዚያ ደስታዋ ራሷን ጠላች።

ቦርሳዋን ከፍታ ባትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ ነኝ» አለች። «ጧት እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

ወንድሟ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ቀያሿ ባትሪውን አየች፣ እትዬን አየች። ደሟ ወደ ፊቷ ሲወጣ ይታያል።

«አንቺ!» አለች። ወደዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ እትዬን አንቺ ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «አንቺ ቦርሳሽን አቅፈሽ ቆመሽ ስታዪኝ ነበር? ባሌ ሲሰድበኝ ስትሰሚ ነበር? እኔ እኮ አበድኩ ብዬ ነበር! ምን በደልኩሽ?»

«ምንም» አለች እትዬ። «እሱ ካንቺ ጋር ሲስቅ መስማት አቃተኝ።»

ያንን በግልጽ መናገር መድረክ ላይ ከመውጣት ይከብዳል። ቀያሿ ሌላ ቃል ሳትጨምር ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ወንድሟም ያጠፋ ሰው ፊት ይዞ ተከተላት፤ በሩ ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ፣ ሲለምን ይሰማል።

አባቷ አዲሱን ባትሪ አንስቶ ንቧ ውስጥ አስገባ። አልቸኮለም። እትዬ እግሩ ሥር እንደ ልጅነቷ ልትቀመጥ ፈልጋ ነበር፤ ግን አልደፈረችም።

«ተቀመጪ» አላት በንቧ ድምፅ። ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ለጥሩንባው ደክሞኛል ብዬ አላውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«እኔም ዝም ብዬሻለሁ። አንቺ ስትናገሪልኝ ይቀለኝ ነበር። በዚህ ድምፅ ሰው ፊት መናገር አሳፍሮኝ ነበር፤ ካንቺ ኋላ መደበቁ ተመቸኝ። ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም።» ንቧን አንገቱ ላይ አስተካከለ። «ዛሬ ግን አላፈርኩም ነበር። ዛሬ በራሴ ልጠራ ነበር። እሱን ነው የወሰድሽብኝ።»

እትዬ እንባዋ መጣ። አባቷ አላባበላትም፤ ዝም ብሎም አልሄደም። እንባዋ እስኪያልቅ አጠገቧ ተቀመጠ።

እነ ወንድሟ ብዙም ሳይቆዩ ሁለት መንገድ አልፎ ቤት ተከራዩ። ቀያሿ በመጀመሪያው ሰሞን አባትየውን ልትጠይቅ ስትመጣ ለእትዬ ጭንቅላቷን ነቅነቅ ከማድረግ አታልፍም ነበር። እትዬም አልፈረደችባትም። ባትሪዎቹን አባቷ ራሱ ያስተዳድራቸዋል፤ መብራት እያየ ይሰካል፣ መብራት እያየ ይነቅላል። ጧት ጧት ንቧን ይዞ ወደ ጥሩንባው ይሄዳል። እንግዳ ሲመጣ እትዬ ወንበር ስባ አትቀመጥም። አንዳንዴ ንቧ መሐል ላይ ስታቆም ሁሉም ዘወር ብለው ያዩዋታል፤ እሷም አባቷን ታያለች። እሱ እጁን ካነሳላት ብቻ የከንፈሩን ቃል ትናገራለች፤ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።

አንድ ከሰዓት ቀያሿ ስፌት ክፍሉ በር ላይ ቆመች። እጇ ላይ ጉልበቱ በእሾህ የተተረተረ የሜዳ ሱሪ አለ።

«ይሄ ይድናል?» አለች። «ወይስ ልጣለው? አንቺው ንገሪኝ።»

አንቺ ማለቷን አልተወችውም። ቁጣው ግን ከቃሉ ወጥቷል።

እትዬ ሱሪውን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ ዘረጋችው። «ከውስጥ እደርብለታለሁ። ከአዲሱ ይጠነክራል።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«አሁን ከጠበቅሽኝ አሁን ይደርሳል።»

ከውጭ፣ ከደረጃው ላይ፣ የንቧ ድምፅ መጣ። «ቀያሽ! መጣሽ እንዴ? ነይማ፣ ያ ጠመዝማዛ ምን ሆነ?»

 ልጄ አላለም፤ ቀያሽ ነው ያለው። እትዬ ጥርሷን ነክሳ ጨርቅ መምረጥ ጀመረች። ቀያሿ እየሳቀች ወጣች፤ ወዲያው ጨዋታቸው ደራ፤ የአባቷ መዳፍ ጉልበቱን ሲመታ ተሰማ።

እትዬ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች።  ከዚያ ተነሳች፤ ሱሪውን በክንዷ ላይ ጣል አድርጋ፣ መርፌና ክር ይዛ ወደ ደረጃው ወጣች።

«ይሄ በእጅ የሚሰፋ ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ቀያሿ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። እትዬ መሐላቸው ሳይሆን ከዳር ተቀመጠችና መርፌዋን አነሳች።

«በል አባዬ» አለች፣ «ስለ ምንጩ ለኔም ንገረኝ።»